ከቀኝ የታየው ሥዕል

ታከለ ደጃፉ ላይ ቆሞ «እትዬ ናፊሳ፣ እባክዎ የያዙትን ያስቀምጡት» ሲላት ጨው በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። አላስቀመጠችም።

«ጋሼ ሳልህን ጣሊያኖቹ አጣዬ ገበያ ላይ ያዟቸው። ከትናንት ወዲያ ማለዳ ገደሏቸው።»

እጇ የጀመረውን ጥቅል ጨረሰ። በምን ምክንያት ብላ አልጠየቀችም። ምክንያቱን ይዛዋለች።

ባሏ ሳልህ ጀውሃ መንገድ ዳር ጨውና በርበሬ ሲቸረችር የኖረ፣ ሰፍሮ ሲያበቃ አንድ ቁንጥር ሳይመርቅ የማይሸኝ ሰው ነበር። ድሮ የሚጠቀልለው በጉሎ ቅጠል ነው። ጣሊያን ከገባ በሦስተኛው ዓመት ግን የጣሊያኖቹ ካምፕ ወጥ ቤት ሠራተኛ ታከለ አሮጌ ጋዜጣ ያመጣለት ጀመር። በየጋዜጣው ጀርባ አራት ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ ተደርድሯል። ያገሬው ሰው ዶሮ ታቅፎ ይመጣል፤ ወፍራም ወታደር ዶሮዋን ይቀበለዋል፤ በእርግጫ ይለዋል፤ ሰውዬው ጭቃ ውስጥ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ዶሮዋ ፍየል ትሆናለች እንጂ ጭቃው አይቀርም።

«የሳለው እጅ ይድረቅ!» ይል ነበር ሳልህ። ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጎ ነበር የሚጠቀልለው።

አንድ ቀን ናፊሳ ወረቀት ስታስተካክል ሳቋ አመለጣት። ልጅ ሆና አባቷ ቁርዓን በአረብኛ ማንበብ ስላስተማሯት ዓይኗ የሚጀምረው ከቀኝ ነው።

«ይኼ ሰውዬ ከጭቃው ተነሣ እኮ! ወታደሩ ባንድ እግሩ ሲንገዳገድ ይዩት። ይኸው ዶሮዋን መለሰለት። ታቅፏት ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው!»

ሳልህ አጎንብሶ አየ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሥዕሉ ወደ ውጭ ሆነ። ገበያተኛው «ጨውስ አለኝ፤ ዶሮ የተመለሰችበትን ስጠኝ» እያለ ይመጣ ጀመር።

በሳምንቱ የካምፑ አስተርጓሚ መጣ። ጥቅሉን አገላብጦ አየ፤ የሚስቁትን ሰዎችም አየ።

«ከየት በኩል ነው የሚታየው?»

«እኛ ቁርዓን የቀራነው ከቀኝ ነው፣ ጌታዬ» አለ ሳልህ፣ ሳቁ ገና አፉ ላይ እንዳለ።

አስተርጓሚው አልሳቀም። ጨዉን መልሶ ጆንያው ላይ ደፋው፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ሄደ።

«ጨዉን ትቶ ወረቀቱን ወሰደ» አለች ናፊሳ። «ነገ አጣዬ ይቅርብዎ።»

«ጨው ልሸጥ እኮ ነው የምሄደው።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ይተዉት። ቅጠል ልቁረጥልዎ።»

«አንቺው አሳይተሽኝ?» ብሎ ሳቀባት። ወረቀቱን አህያው ላይ ጭኖ ሄደ።

አሁን ታከለ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ የቀረውን ነገራት። ገበያው መሐል አጋድመዋቸዋል፤ ዘበኛ ቆሟል፤ የሚጠጋ ሰው የለም።

ናፊሳ መጀመሪያ ከቀኝ ያየችው እሷ መሆኗን አልነገረችውም። ከሣጥኑ ለመገነዣ ነጭ አቡጀዲ አውጥታ በሳልህ ሰውነት ልክ ቀደደችው። ከቢር፣ የሰፈሩ የሃይማኖት አስተማሪ፣ መስጊዱ ደጅ ሰው ሰበሰቡ፤ ወደ አጣዬ እሄዳለሁ ያለ ግን አልተገኘም።

ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳልህ አልታጠበም፤ አልተሰገደበትም፤ አልተቀበረም።