ውሃ ያሰፋው ቀዳዳ

ይህን ለሚስቴም ለነፍስ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ ልናገር ነው። ስናገር ደስታ ደስታ ካለኝ ታዘቡኝ፤ ጥፋቴ እዚያው ደስታው ውስጥ ነው።

በደርግ ጊዜ አቃቂ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የቅየሳ ሠራተኛ ነበርኩ። ፋብሪካው ውሃ የሚስበው ወንዙን ካገደ የድንጋይ ግንብ ነው። አንድ ቀን ግንቡ ከውሃው በታች ተሸንቁሮ ተገኘ። ግንቡን የሠሩት ሽማግሌው ግንበኛ ጋሽ ሰይድ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና በእጃቸው እየዳበሱ ለኩት። «ስፋቷ ሠላሳ ሴንቲ ናት» አሉ።

እኔ ደግሞ በፎቶ ካልለካሁ አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ውሃው አልረጋ አለኝ፤ ዐሥር ፎቶ ባነሳ ዐሥር ዓይነት ቀዳዳ ወጣ፣ አንዱ ጠማማ፣ አንዱ ለሁለት የተከፈለ። ከዚያ መላው መጣልኝ! የዘይት ቆርቆሮ ቂጡን ቆርጬ መስታወት በስቱኮ ለጠፍኩበት፣ ውሃው ላይ ተጫንኩት። ሞገዱ ጠፋ፣ ድንጋዩ ቁልጭ አለ። ወንዝ መሐል ብቻዬን ቆሜ እንደ ሕፃን ጮኽኩ። ፎቶውን በዚያው ርቀት ደረቅ መሬት ላይ ካነሳሁት ሜትር ጋር ሳስተያየው አርባ ሴንቲ ሆነ።

ልኬቴን ለፋብሪካው ኮሚቴ አቀረብኩ። «የገዛ ሥራውን ጉድለት ሊሸፍን ቀንሶ ለካ፤ ይሄ አሻጥር ነው» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ። ያኔ አሻጥር የሚባል ቃል ቀልድ አያውቅም። ጋሽ ሰይድ ታሰሩ።

በሳምንቱ ሜትሩን ራሱን ውሃ ውስጥ አስቀምጬ በመስታወቱ አነሳሁት። ሠላሳው አርባ ሆኖ ወጣ! ለካ ውሃ ነገሩን ያቀርበዋል፣ ያገዝፈዋል፤ ከተለካው ከአራት እጅ ሦስት እጁን መውሰድ ነው። አገኘሁት! ከደስታዬ ብዛት ጋሽ ሰይድ ትዝ ያሉኝ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው። ትዝ ካሉኝ በኋላስ ምን አደረግኩ? ዝም አልኩ። ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ። ግን ከፍርሃቱ የባሰው ስስት ነበር፤ ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ሊጨበጨብልኝ ነበር። ተጨበጨበልኝም። እሳቸው አራት ወር ታሰሩ።

ከተፈቱ በኋላ ሳሪስ አቦ ታክሲ ስጠብቅ አገኙኝ። ሰላም አሉኝ፣ ትከሻዬን ሳሙኝ።

«መሣሪያህ ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ። «ያን ቀን እጄ እንዴት እንደሳተ እንጃ። ከዚያ ወዲህ አላምነውም፣ ሁሉን ሦስቴ ነው የምለካው። አሠሪዎቹ ይዘገያል እያሉ ሥራ ይነሱኛል።»

እጃቸው አልሳተም። ይህን ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? ኮሚቴው የለ፣ ሰብሳቢው የለ፣ እኔና እሳቸው ብቻ።

«አይዞዎት ጋሼ» አልኳቸው፤ «ሰው ይሳሳታል።»

ያሰራቸው ኮሚቴው ነው። ይህን ያልኳቸው ግን እኔ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ ብዬም አልለምናችሁ።