የባባ አዴጎኬ ድምፅ እንዳይቃጠል

ሞሬንኬ ያልገባት ነገር ይህ ነበር፦ ባለፈው የገዥ ምርጫ፣ ወረቀቶቹ በሕዝብ ፊት አንድ በአንድ ከፍ እየተደረጉ ሲቆጠሩ፣ ያን ያህል ድምፅ ለምን ውድቅ ሆነ? በናይጄሪያዋ ኤኪቲ ግዛት የሚመረጠው አውራ ጣትን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ከፓርቲው ስም ጎን ባለው ሳጥን ውስጥ በማሳረፍ ነው። ይህ የሚያቅተው ሰው የለም። ውድቅ የተባሉት ግን ሁለት ሁለት አሻራ ነበራቸው። ጠጋ ብላ ስታይ፣ ሁለተኛው አሻራ ፈዘዝ ያለና በመስታወት እንደሚታይ ነገር የተገለበጠ ነው።

ልብስ ሰፊ ናትና የልብስ ቅድ የምታወጣበት ወረቀት አላጣችም። የማኅተም ቀለም ገዛች፤ የፓርቲዎቹን ሳጥኖች ከላይ ወደ ታች ደርድራ ሣለች፤ አሻራዋን አሳረፈችና ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ወረቀቱን አግድም አጠፈችው። ስትከፍተው እርጥቡ ቀለም የሌላ ፓርቲ ሳጥን ላይ ታትሟል። በቁመቱ ስታጥፈው ደግሞ ቀለሙ የሚያርፈው እዚያው የራሱ የፓርቲው ስም ላይ ሆነ። እንዴት ደስ እንዳላት!

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሊለካ የመጣ ሁሉ አጣጣፍ ተምሮ ይሄዳል። ዘንድሮ ገዥው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደር ግን፣ ጎረቤቷ ባባ አዴጎኬ የገዥው ፎቶ ያለበትን ቆብ ደፍተው መጡ። ሞሬንኬ የምትደግፈው ተፎካካሪውን ነው።

"ልጄ፣ እስቲ አሳዪኝ። ባለፈው የኔም ድምፅ ሳይቃጠል አልቀረም።"

ባሏ ኮላዎሌ ሰማ። "ባባ፣ ገዥዎ መንገዳችንን እንዳበላሸው እርስዎም ድምፅዎን ያበላሹ።"

"አንተ መጀመሪያ ያን እምቢ ያለህን ጄኔሬተርህን አስነሳ" አሉት።

ኮላዎሌ ወደ ሚስቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባለፈው ለጥቂት ነው የተሸነፍነው። የነሱ ሰዎች አጣጣፍ ከቻሉ አለቀልን።"

እውነቱን ነው። ሞሬንኬ ግን መቀሱን አንስታ ወረቀት ቆረጠች።

"ያሸነፈን ሰው ይሁን ቀለም፣ እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ" አለችው።

የባባ እጅ ግን ይንቀጠቀጣል። ረጅሙ ወረቀት ሲያጥፉት ተንሸራተተና ቀለሙ የተፎካካሪውን ሳጥን ነካ።

"ይኸው፣ ያንቺንም ሰውዬ መረጥኩልሽ" አሉ ባባ።

አሁን የምትሞክረው ሌላ ነው፤ ወረቀቱ ከመታጠፉ በፊት ቀለሙ ይድረቅ። ባባ አሻራቸውን ካሳረፉ በኋላ፣ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለባቸው ለማወቅ የልጆቻቸውን ስም ቀስ ብለው ይጠራሉ። የልጆቹ ስም አልቆም ቀለሙ ገና እርጥብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጆቻቸውን ጀምረዋል፤ ሞሬንኬም ወረቀቱ ላይ አጎንብሳ፣ ቀለሙ ማብለጭለጩን የሚተውበትን ስም ትጠብቃለች።