የማክሰኝቷ ቮልስ ጎሚኒ

ሸረፈዲን አሮጌ መኪና ይዞ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ አይደለም።

«የድሮውን ጎሚኒ ጣልኸው?» ይላል።

ጥየዋለሁ ካለው ፊቱ ይጠቁራል። አልጣልሁትም ካለው ሻይ ያዝዝለታል።

ጎሚኒ በመስታወትና በላሜራ፣ በበርና በመኪናው አካል መካከል ገብቶ ውሃና አቧራ የሚከለክለው ላስቲክ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ጋራዥ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቆርጦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ ባለመኪናውን ይሸኛል። ሸረፈዲን ይህን «ፋሻ» ይለዋል። እሱ የድሮውን ጎሚኒ በምላጭ ይቆርጥና የተቆረጠውን ፊት ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ያትመዋል። በዚያ ቅርጽ ብረት ይቀርጻል። ጎማ አዳሾች የሚጠቀሙበትን ጥሬ ላስቲክ ብረቱ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ በሞርሳ ያጠብቃል፣ ከተዘጋ ዳቦ ቤት በገዛው ምድጃ ያበስላል። ሲወጣ ከፋብሪካው የመጣ ይመስላል። መምሰሉ ግን አይበቃውም። በጥፍሩ ይጫነዋል፣ ያጥፈዋል፣ ሰው ካላየው ይነክሰዋል።

በቡሎንም እንዲሁ ነው። ከጎማው መከለያ፣ ከፓራፋንጎ የወጣ ቡሎን የሚመለሰው ወደ ወጣበት ቀዳዳ ነው። ዝገቱን ናፍጣ ውስጥ ዘፍዝፎ ይፍቃል። ጥርሱ ያለቀውን በቶርኖ ማሽን አምሳያውን ያወጣለታል፣ ራሱ ላይ ያለችው ምልክት እንኳ ሳትቀር።

«ይህን ማን ያየዋል?» ይሉታል።

«የሚፈታው» ይላል።

የተወለደው ወረታ ነው። አባቱ ጨውና ላምባ ይነግዱ ነበር፤ ወንድሞቹም ነጋዴዎች ሆኑ። እሱ ሱቅ ጠብቅ ሲባል ሚዛኑን ፈትቶ ሲገጥም የሚውል ልጅ ነበር። ባሕር ዳር መጥቶ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ገባ፤ በላስቲክ የተለበጡ የማሽን ሮለሮችን ሲያድስ ኖረ። ከዚያ ሲወጣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ክፍል ተከራየ። የጀልባ ሞተር የሚያድሱ ዓሣ አጥማጆችም፣ ቮልስና ፔጆ ያላቸው ጡረተኞችም የሚመጡት እዚያ ነው። ወንድሞቹ ኢድ ሲመጣ ዛሬም «ሱቅ እንክፈትልህ?» ይሉታል። መልሱን የምትሰጠው ሚስቱ ጀሊላ ናት።

«ብትከፍቱለት የሱቁን በር ማጠፊያ ሲያድስ ደንበኛው ያልፈዋል።»

ባለፈው ሰኔ ወይዘሮ የሺመቤት በባጃጅ መጡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ዘንዘልማ አዲሱ ሰፈር ይኖራሉ። ሸረፈዲንን በማታ ትምህርት አስተምረውታል፣ ስለዚህ «አንተ» ይሉታል። ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። ከሟቹ ባላቸው ከአቶ ክንዱ ጋር ተራ በተራ ይነዷት ነበር፤ አሁን ብቻቸውን ይነዷታል። ገበያም፣ ቤተ ክርስቲያንም፣ ለቅሶም የሚሄዱት በእሷ ነው።

የቮልሷ የፊት መስታወት ግን ውሃ ያስገባል። ወለሉ መዛግ ጀምሯል። ባንክ የሚሠራው ልጃቸው ግሩም በዚህ ክረምት አንድ ጊዜ ውሃ ካስገባች ቁልፉን እቀበላለሁ ብሏል። አዲስ አበባ አሮጌ መኪና እየገዛ የሚሰበስብ ሰውም አግኝቷል።

«እኔ በባጃጅ ልኑር?» አሉ የሺመቤት። «ዛሬ እንኳ ባለ ባጃጁ ‹እማማ፣ ጠጋ በይ› እያለ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አጣብቆ አመጣኝ።»

«ጎሚኒውን ይዘውታል?»

መስታወቱን የሰፈር መካኒክ አውጥቶላቸዋል። ሸረፈዲን ቀድሞ በስልክ እንዳይሰበር አደራ ብሏቸው ነበር። ከቦርሳቸው በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ጥቁር ላስቲክ አወጡ። ሸረፈዲን ቀስ ብሎ አጠፈው። የዚህ ዕድሜ ጎሚኒ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል፤ ይህ ግን ታዘዘ።

«በጣም ጥሩ ይዘውታል» አላቸው።

የሺመቤት አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ምስጋናው ጣማቸውና ተዉት።

ጎሚኒው ተሠራ፣ ዘንዘልማ ሄዶ ራሱ ገጠመላቸው። የሐምሌ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ የጣለ ዕለት ግሩም ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። ውሃው ከመስታወቱ ጥግ እየተንቆረቆረ ሱሪው ላይ ወረደ። እቤት ሲደርሱ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

በማግሥቱ የሺመቤት ሸረፈዲን በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ሸረፈዲን፣ ልጄን አጠብኸው።»

«ቁልፉስ?»

«ወሰደው። ሰውየው ወሩ ሳያልቅ መጥቶ ያያታል።»

ሸረፈዲን ሻይ አላዘዘም። አብሯቸው ዘንዘልማ ሄደና መስታወቱን አወጣ። መስታወቱ የሚገባበት የጎሚኒው ቦይ ሰፍቷል፣ መስታወቱ ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ከናሙናው ከወሰደው ልክ ጋር አስተያየው። ልክ ነው። ደግሞ አስተያየው። አሁንም ልክ ነው።

«ይህ ናሙና እኔ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ምን ነክቶታል?»

«ምንም።»

የሺመቤት ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ምንም ማለት... ትንሽ ቅቤ ነክቶታል።»

«ቅቤ?»

«እንዳይሰበር አልኸኝ። ደርቆ ሊሰበር ነበር። ጠፍር ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ቅቤ ይቀባል። እያደር ቀባሁት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲለሰልስልኝ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው እጅ አይሰጥም ብየ በሳሙና አጠብሁት።»

ቅባት ላስቲክን ያሳብጣል። ሸረፈዲን ይህን ለዓሣ አጥማጆቹ ሲናገር ነው የሚውለው። ያረጀ ጎሚኒ ደግሞ ይጨማደዳል፤ ለዚህም ሲለካ ትንሽ ይጨምርለታል። ቅቤ ጠጥቶ ያበጠውን አሮጌ መስሎት ጨመረበት። ስሕተት በስሕተት ላይ ነው የሠራው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «እንደዚያ ሲለሰልስ መጠርጠር ነበረብኝ። ደስ አለኝና ተውሁት።»

«እኔም ስታመሰግነኝ ደስ አለኝና ተውሁት።»

ማታ ለጀሊላ ነገራት። እራቱን ሳታቀርብ ብዙ ሳቀች።

«ደግነቱ በርበሬ አልጨመሩበትም» አለች።

ናሙናው ተበላሽቷል። ከእሳቸው ቮልስ ጋር በአንድ ዓመት የተሠራች ሌላ ቮልስ፣ እጅ ያልነካው ጎሚኒ ያላት ቮልስ ያስፈልጋል። ሸረፈዲን ለሚያውቀው ሹፌር ሁሉ ደወለ። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ማክሰኝት አንድ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለች አይቷል። ሸረፈዲን ብቻየን ልሂድ አለ። የሺመቤት አሻፈረኝ አሉ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውለው አረጋገጡና በጠዋት በሚኒባስ ተነሡ። ፎገራ ላይ ሩዙ ውሃ ውስጥ ቆሟል። የሺመቤት ዝናብ ያዘለውን ደመና እያዩ የየመንደሩን ስም ይጠሩ ነበር፣ ክፍል ውስጥ እንደቆሙ ሁሉ።

ቮልሷ ባምላክ የሚባል የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ግቢ ውስጥ ናት። ጎማ የላትም፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ውስጧ ዶሮ ሞልቷል።

ሸረፈዲን ጎሚኒውን አየው። ደርቋል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ቅባት የሚባል አልደረሰበትም። እጁን ሊያሳርፍበት ፈራ።

«መስታወቱን ካወጣችሁት ዶሮዎቼ ክረምቱን የት ይደሩ?» አለ ባምላክ።

«ልጄ፣ እኔ መኪናየን ልነጠቅ ነው» አሉ የሺመቤት።

«እማማ፣ እነሱስ ቤታቸውን?»

ሸረፈዲን ቮልሷን አንዴ ዞራት።

«መስታወቱን አልነካም» አለ። «ከታች ጥግ ላይ የጣት ጫፍ ታህል ቆርጨ ልውሰድ። በምትኩ አዲስ ሙሉ ጎሚኒ ሠርቸ፣ መጥቸ እገጥምልሃለሁ። ከሌላው ሰው በፊት ለአንተ።»

«ለዶሮ ቤት?»

«ለቮልስ።»

ባምላክ ዶሮዎቹን እሽ እያለ አስወጣ።

የሺመቤት እስከ ወረታ አላናገሩትም። ወረታ ላይ ተሳፋሪ ሲወርድ ዞሩ።

«ከእኔ በፊት ለእሱ? ሰውየው ሊመጣ ነው እያልሁህ?»

«የእሱን ቆርጫለሁ። ቀዳዳ ትቸ ነው የመጣሁት። ዝናብ እየጣለ ነው።»

«ዶሮ ናቸው፣ ሸረፈዲን።»

«ለዶሮም ቢሆን ቀዳዳ ትቸ አላውቅም።»

በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ቆይተው፣ «ቢያንስ እነሱ ቅቤ አይቀቡትም» አሉ።

ሁለቱም ጎሚኒዎች ከአንድ ብረት ወጡ። ሸረፈዲን በቃሉ መሠረት ማክሰኝት ተመልሶ የመጀመሪያውን ገጠመ። ባምላክ በባልዲ ውሃ አምጥቶ መስታወቱ ላይ ደፋ፣ ራሱን አስገብቶ አየ፣ ሌላ ባልዲ ደፋ። ውስጥ ያለችው ዶሮ ከዕንቁላሏ አልተነሣችም። ሸረፈዲን ዶሮዋን ከማንም መርማሪ በላይ አመናት።

የወይዘሮ የሺመቤትን ጎሚኒ ሲገጥምላቸው መኪና ሰብሳቢው ሰውየ በማግሥቱ ሊመጣ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ግሩም ከሥራ መጥቶ ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ከሐይቁ በኩል ጠቆረ። ዝናቡ ሲጀምር ሦስቱም ቮልሷ ውስጥ ገቡ፦ የሺመቤት መሪው ላይ፣ ግሩም ከጎናቸው፣ ሸረፈዲን ከኋላ ጉልበቱን አጥፎ።

ዝናቡ ጣሪያውን ደበደበው። ግሩም ምንጣፉን ገልጦ መዳፉን ወለሉ ላይ አሳረፈ። ሸረፈዲን የሚያየው የመስታወቱን ጥግ ነው። የሺመቤት የሚያዩት የልጃቸውን እጅ ነው። ውሃው በመስታወቱ ላይ እንደ መጋረጃ ወረደ፣ ጎሚኒው ጋ ሲደርስ ተጠምዝዞ ወደ ውጭ ሄደ።

ግሩም መዳፉን አንሥቶ አየው። ሌላኛውን አሳረፈ። እሱንም አየው።

«ደረቅ ነው» አለ። «ግን እማየ፣ ነገሩ እኮ ውሃው ብቻ አይደለም። ዕድሜሽም...»

«የተባባልነው ስለ ውሃ ነው።»

«ጋሽ ሸረፈዲን፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት።»

«እኔ የማውቀው ጎሚኒ ነው» አለ ሸረፈዲን።

ግሩም ስልኩን አወጣና ደወለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዳይለፉ ብየ ነው» አለ። «አትሸጥም። አይ፣ በዋጋ አይደለም። ባለቤቷ ትነዳታለች።»

ቁልፉን በእናቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠው። የሺመቤት አላመሰገኑትም፣ ሞተሩን አስነሡ እንጂ። ቮልሷ አንዴ ሳለችና ያዘች።

«የት ልትሄጂ ነው በዚህ ዝናብ?» አለ ግሩም።

«ሸረፈዲንን ቤቱ አደርሳለሁ። በባጃጅ ይሂድ እንዴ?» ማርሽ አስገቡ። «ውረድና የግቢውን በር ክፈትልን።»

ግሩም ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ ወረደ።