እማዬ ያላየቻቸው ዛፎች

ያደግነው የሰው ትራፊ እየበላን ነው ስል እማዬ ትቆጣለች። «ትራፊ አይባልም፣ ግማሹ እንኳ አልተከፈተም» ትላለች። እውነቷን ነው። ለአንድ ሳምንት ማደሪያ ያለው ጀልባ ከኛ ተከራይቶ ወንዙን ሊንሸራሸር የሚመጣ ሰው፣ መንገድ ላይ ሱቅ የሌለ ይመስል የዓመት ስንቅ ይጭናል። ቅዳሜ ጠዋት ሲመለስ ስኳሩን፣ ማርማላታውን፣ የቆርቆሮ ዓሣውን እዚያው ትቶልን ይሄዳል። እኔና ወንድሜ ትምህርት ቤት ምሳ ዕቃችንን ስንከፍት፣ በዚያ ሳምንት ምን ዓይነት ቤተሰብ ከጀልባ እንደወረደ ይታወቅ ነበር።

አራት ጀልባ ነበሩን። ሞተሩ፣ ገመዱና ቀለሙ የአባዬ ነው፤ የቀረው ሁሉ የእማዬ። ቅዳሜ ለሌላው ዕረፍት ነው፣ እኛ ቤት ግን ጦርነት ነበር። የድሮዎቹ ደንበኞች ጠዋት ይወርዳሉ፣ አዲሶቹ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ፤ በመካከሉ አንሶላው፣ ሽንት ቤቱ፣ የጋዙ ሲሊንደር፣ ሕፃን ከመቀመጫ ሥር የወሸቀው የተነከሰ ብስኩት አለ። እማዬ ከጀልባ ወደ ጀልባ የምትሄደው በሩጫ ነው። ይህ ሥራ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ነበር መሰለኝ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ቧንቧ ከፍተን ከቆየን «ዝጉ፣ ታንከሩ ሊያልቅ ነው» ትለን ነበር። ቤታችን ግን የከተማ ውሃ ነበረው። እንግዳ ሲመጣባት ደግሞ ደጃፉ ላይ ቆማ «ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ» ትለዋለች፤ ሰውየው ጎንበስ ብሎ ይገባና ቀና ሲል ጣሪያው እላይ ነው።

ከሁሉ ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ካርታውን ስታስረዳ ነው። ቢሮአችን መስኮቷ ወደ ጀልባ መቆሚያው የምታይ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። ግድግዳው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ የወንዙ ካርታ ተሰቅሏል። እማዬ በእርሳስ ጫፍ እየጠቆመች መታጠፊያውን፣ ድልድዩን፣ ጀልባ ለማሳለፍ የሚከፈቱትን የውሃ በሮች ታሳይና መጨረሻ ላይ ሐይቁ ጋ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል። «እዚህ ስትደርሱ ግራችሁን ያዙ። ቅርንጫፋቸው ውሃው ላይ የተኛ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ታያላችሁ። ገመዳችሁን እዚያ እሰሩ። ሌላ ቦታ ካደራችሁ ይቆጫችኋል።»

ሐይቁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ዛፎቹን ያያቸው አባዬ ነው፤ ያኔ አልተጋቡም። የመጀመሪያውን ጀልባ ከሐይቁ ማዶ ገዝቶ ሲያመጣ ዛፎቹ ሥር አደረ። ሲመለስ «ከተጋባን መጀመሪያ የምወስድሽ እዚያ ነው» አላት። ሰው ሲያሾፍባት «ለቁመናው መስሏችኋል? እኔ ያገባሁት ለዛፎቹ ነው» ትል ነበር። ግን ሐይቁ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ ሄዶ፣ አንድ ቀን አርፎ መመለስ አንድ ቅዳሜ ይበላል፣ ቅዳሜን ደግሞ ማን ይሸፍናል? ሥራው ሲቀዘቅዝ ቀለም አለ፣ ቀለሙ ሲያልቅ የሚያፈስ ጀልባ አለ፣ በዚያ ላይ እኛ ተወለድን። ዘንድሮ አልሆነም ሲሉ ሲሉ አረጁ።

ደንበኞች ሲመለሱ ገመዳቸውን የሚቀበላቸው አባዬ ነው፤ ከዚያ ቁልፍ ሊያስረክቡ ወደ እማዬ ይገባሉ። እሷም ገና ሳይቀመጡ «ዛፎቹን አገኛችኋቸው?» ትላለች። «አገኘናቸው፣ በጣም ያምራሉ» ይሏታል። አንድም ሰው አላገኘንም ብሏት አያውቅም። ፊቷ ይበራና የዚያን ቀን አንሶላ ብታጥብም አይደክማትም።

አምና የአባዬ ጉልበት እምቢ አለ። ወንድሜ ሌላ ሥራ ይዟል፣ እኔም ከተማ ገብቻለሁ፤ ጀልባዎቹ ተሸጡ። ገዢው ሊረከብ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከሥራ አስፈቅጄ መጣሁና «እማዬ፣ ሐይቁን ሳታዪ እነዚህ ጀልባዎች አይሄዱም» አልኳት። ደስ ይለዋል ያልኩት አባዬ ፊቱን አጨፈገገ።

«ምን ያደርግላችኋል? ውሃ ያው ውሃ ነው።»

«አባዬ፣ አንተ አይደለህ እንዴ ስታወራላት የኖርከው?»

«ሞተሩም አይታመንም» አለ። በዚያው ሳምንት የፈታው የገጠመው እሱ ራሱ ነው። ውሃ የማያነሳ ምክንያት መሆኑን እሱም ያውቃል። እሱ ራሱ እንዳይመጣ ወደ ጀልባው ክፍል የሚያስገቡትን ደረጃዎች መውረድ አይችልም። እማዬን ከፋት። በመጨረሻ አባዬ «ሂዱ በቃ» አለና ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ቀንቶ ነው ብዬ ታዘብኩት።

መንገዱ ላይ እማዬን ደንበኛ ማድረግ አቃተኝ። ቡታጋዙን ትወለውላለች፣ ማንም ያልተኛበትን አልጋ ታነጥፋለች። «ቁጭ በይ፣ ዛሬ አንቺ ነሽ ተከራይዋ» ስላት ትቀመጥና እጇ ጨርቅ ይፈልጋል። መሪውን ስሰጣት ግን ልጅ ሆነች። በካርታ ብቻ የምታውቀውን እያንዳንዱን መታጠፊያ እኔ ሳላየው ትነግረኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዙ ተከፈተና ሐይቁ ውስጥ ገባን። ግራዋን ያዘች። ፍጥነት ቀነሰች። ዳር ዳሩ ሲሚንቶ ነው። ከሲሚንቶው ኋላ መሃላቸው ሣር ያበቀለ ሁለት ሰፋፊ ጉቶዎች ተቀምጠዋል።

ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ጎልማሳ ሰው ነበር። «እነዚህ መቼ ተቆረጡ?» አለችው።

«እሱማ ድሮ ነው እናቴ፤ ዳሩ ሲገነባ። እኔ ልጅ ነበርኩ።»

ገመዱን ብረት ላይ አሰርኩ። እማዬ መሪው ጋ እንደተቀመጠች «ይኼ ሁሉ ሰው ምን በድዬው ነው የዋሸኝ?» አለች። በየዓመቱ የሚመጡትን አስተማሪ ባልና ሚስት ጠራች፣ መንታ ልጆች ያሏትን ነርስ ጠራች። ከዚያ መሪውን ለቀቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሲመለሱ ቀድመው የሚያገኙት ማንን ነው?»

ገመዱን የሚቀበላቸው አባዬ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ወንዙን የተመላለሰ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ አልሰማችም። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ አባዬን በቅናት የጠረጠርኩትም አሳፈረኝ።

ስንመለስ ግን ቁጣው መጣ። «ቢነግረኝ ምን እሆን ነበር? ዛፍ ነው እኮ!» ትላለች። «እንግዳውን ሁሉ ለኔ ሲል ዋሾ አደረገው። ቆይ፣ ልድረስለት።» እንደዚያ ስትል እሰጋለሁ። ጀልባው ተሸጧል፣ እኛ ወጥተናል፤ ለሁለቱ የቀራቸው ያ ጸጥ ያለ ቤትና እርስ በርሳቸው ነው። እዚያ ውስጥ ኩርፊያ ከገባ ምን ይተርፋቸዋል? ሆድ ይፍጀው በይ ልላት አፌ ላይ ይመጣና፣ እናትን መምከር የኔ ሥራ አይደለም ብዬ እተወዋለሁ። በመጨረሻው ቀን ጭራሽ መናገር አቆመች። ይሄኛው የባሰ አስፈራኝ።

አባዬ መቆሚያው ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀን ነበር። ሲያየን ምሰሶውን ተደግፎ ተነሣ። እማዬ ገመዱን ወረወረችለት፣ ቀለበው። ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ሞተሩን አጠፋች፤ ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

«ዛፎቹን አገኘናቸው» አለችው። «በጣም ያምራሉ።»

አባዬ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። «የት ጋ አሰራችሁ?» አለ።

«ግራ በኩል። አንተ ባልከው ቦታ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልነቀለችም። ማወቋን አወቀ። «አንቺ ሴት…» ብሎ ጀመረ።

«እሰረው እንጂ፣ ጀልባው እየሄደ ነው» አለችው።

ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ ሲለው ወርጄ ላግዘው ተነሣሁ። እማዬ ክንዴን ይዛ አስቀረችኝ።