ሦስት መቶ ሠላሳ ዋት

አባቴ ሳንባቸው ከደከመ ወዲህ ያለ ኦክስጅን መቆየት አልቻሉም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ከተኙ በኋላ፣ ሞላሌ ቤታቸው ገብተው መሞት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሌላ የጠየቁኝ ነገር የለም።

ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራ መሣሪያ ተከራየሁ። ጀርባው ላይ 220 ቮልት፣ 1.5 አምፒር ይላል። ሁለቱ ሲባዙ 330 ዋት፤ ከካውያ እንኳ ያነሰ ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጽፌ አሰመርኩበት።

ሁለት ቀን ደህና ሠራ። አብሯቸው የሱፍ በርኖስ ሲሠራ የኖረ ጓደኛቸው መጥቶ፣ “አንተ ሰውዬ፣ አየርም በሽቦ ጀመርህ?” ሲላቸው ቱቦው አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ሳቁ።

ሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። ረፋድ ላይ መሣሪያው ጮኾ ጠፋ። ኤሌክትሪክ የሚሠራው ጎረቤታችን ሶኬቱን ሲለካው 148 ቮልት አገኘ። በዚያው መስመር ላይ ያለው ወፍጮ በገበያ ቀን ሲነሳ ሁልጊዜ እንደሚወርድ፣ የቮልት ማስተካከያ ቢገጠምም ይህን ያህል የወረደውን ማንሳት እንደማይችል ነገረኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሥራዬ ወረቀት ላይ ያለን ቁጥር ቦታው ድረስ ሄጄ ሳጣራ የኖርኩ ሰው፣ ፋብሪካ የጻፈውን ቮልት አባዝቼ አባቴን አመጣሁ። የቤታችንን ግድግዳ ሶኬት አልለካሁም።

እህቴ ሮጣ ለባለወፍጮው ነገረችው። ወዲያው አጠፋው። መሣሪያው ተነሳ፤ የአባቴ ከንፈር ቀስ በቀስ ወደ መልኩ ተመለሰ። ገብስ ሊያስፈጩ ከሩቅ የመጡት ሰዎች ጆንያቸው ላይ ተቀመጡ። ያጉረመረመ አልነበረም። አንዳንዶቹ ደጃፋችን ድረስ መጥተው “እግዜር ይማርዎ” ብለው ተመለሱ።

አባቴ አዳመጡ።

“ወፍጮው ምን ሆነ?”

መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ጠየቁ። ወደ አርባ ይሆናል አልኩ። 

“መኪና ጥራ” አሉ።

“አባዬ፣ ገበያው እስኪበተን ብቻ ነው።”

“ነገም ሰው ይበላል። ጥራ።”

አምቡላንሱ እስኪደርስ ወፍጮው እንደቆመ ነበር። አምቡላንሱ ያመጣውን የኦክስጅን ሲሊንደር ገጥመን ስናወጣቸው እህቴ መሣሪያውን ነቀለች። የቤቱን በር አልፈን ሳንርቅ ወፍጮው ተነሳ።

በዘጠነኛው ቀን ደብረ ብርሃን አረፉ። ነርሷ ሰዓቱን ጽፋ የግድግዳውን ኦክስጅን ዘጋች። ቤታቸው ያደሩት ሁለት ሌሊት ነው።