ሻሺቱ ቂሟን ይዛ ስትሄድ

ሻሺቱ ካናዳን የጠላቻት ገና ሳታያት ነው። ልጇ አርሴማ በስልክ ስለ አገሩ ስታወራላት፣ ስለ መንገዱ ንጽሕና፣ ስለ ሐኪሙ፣ በየቤቱ ስላለው ማሞቂያ ስትዘረዝርላት፣ እሷ በሆዷ "ማሞቂያ የሚያስፈልገው አገር ደግሞ ምን አገር ነው?" ትላለች። አርባ ምንጭ አጠገብ ያለችው የቆላ መንደር፣ የላንቴ ሰው ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጥላ ስትፈልግ ኖረች እንጂ ሙቀት ፈልጋ አታውቅም።

ከመሄድ የያዛት ግን ብርዱ ብቻ አልነበረም። የያዛት ኤርጫፎ ነው። ኤርጫፎ የሟቹ ባሏ የሀብተጊዮርጊስ ታናሽ ወንድም ነው፤ የእሱም የእሷም የሙዝ ማሳ የሚጠጣው ከአንድ ቦይ ነው። ሻሺቱ ይህ ሰው ሲወድቅ በዓይኗ በብረቷ ሳታይ ከላንቴ ንቅንቅ ላትል ምላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀብተጊዮርጊስ ታሞ አርባ ምንጭ ሐኪም ቤት የተኛው በበጋ ነበር። በላንቴ በበጋ ውሃ የሚገኘው በተራ ነው፤ ተራውን ያሳለፈ ሙዙ ሲደርቅ ቆሞ ያያል። ሻሺቱ ከባሏ አልጋ ሥር መነሳት ስላልቻለች ኤርጫፎን አስጠርታ "የወንድምህን ሙዝ አደራ፣ ተራችን ሲደርስ አጠጣልን" አለችው። እሱም "ምን ነካሽ እትዬ፣ ይሄ ይነገራል?" አላት። ከዚያ ሄዶ ውሃ የሚያከፋፍሉትን የውሃ አባት "ሻሺቱ ማሳውን ትታዋለች፤ ባሏ ሲሞት ልጇ ጋ ትሄዳለች" አላቸውና ተራዋን ለራሱ ጠቀለለ። ወንድሙ ገና ነፍሱ ሳይወጣ!

ልብስ ልትቀይር ቤቷ ብቅ ያለች ዕለት ሙዟ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅጠሉ ተንከርፍፎ አገኘችው። ከቦዩ ማዶ የኤርጫፎ ሙዝ ለምለም ሆኖ ይወዛወዛል። ደሟ ፈላ። ሆኖም ለመጣላት ጊዜ አልነበራትም፤ ወደ ሐኪም ቤት ተመለሰች። ሀብተጊዮርጊስ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ "ሙዙ ውሃ አገኘ?" ሲላት "አግኝቷል፤ ዘለላው መሬት ሊነካ ነው" አለችው። ፈገግ አለ። በዚያው አሸለበ፤ አልነቃም።

እንግዲህ ለባሏ የነገረችው የመጨረሻ ቃል ውሸት ሆነ። ያንን ውሸት አፏ ውስጥ የከተተው ኤርጫፎ ነው። ለደረቀው ሙዝ ይቅር ልትለው ትችል ነበር፤ ለዚህ ግን በጭራሽ። ጭራሽ በቀብሩ ዕለት ከሰው ሁሉ አብልጦ ደረቱን እየደቃ "ወንድሜን! ወንድሜን!" ሲል፣ ሻሺቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ እንደምንም ቻለችው።

በኋላ የውሃ አባት አጣርተው ተራዋን መለሱላት። ኤርጫፎ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እሷም አልጠየቀችውም፤ ጥርሷ ውስጥ አስገብታው ተቀመጠች። ሰው ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ጤና ይለምናል፣ ሰላም ይለምናል፤ ሻሺቱ "ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ያን ጦርህን ትንሽ ወደ ኤርጫፎ ዘወር አድርግልኝ" ትላለች።

ዘወር ሳያደርግላት አልቀረም። በመጀመሪያ የኤርጫፎ በሬ ሞተ። ቀጥሎ ነፋስ መጣና የደረሰ ሙዙን አነጠፈው፤ የጎረቤቱን አንድ ግንድ እንኳ ሳይነካ። ከዚያ ራሱ እግሩን አበጠውና በዱላ መሄድ ጀመረ። ሻሺቱ ወሬው በደረሳት ቁጥር በሯን ዘግታ ትስቃለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ኤርጫፎ መድኃኒት አጥቶ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄደ። ሽማግሌዎቹም ጠይቀው፣ መርምረው፣ "ጎሜ ነው" አሉት። በጋሞ ጎሜ ማለት ሰው በድሎ ሳይታረቅ ሲቀር የሚከተለው ጣጣ ነው፤ በዳዩንም ቤተሰቡንም አይምርም። መፍትሔው አንድ ብቻ ነው፤ በደሉን ተናግሮ ከተበደለው ጋር መታረቅ። ይህን ወሬ ለሻሺቱ ያመጣችላት ጎረቤቷ በለጥሽ ናት።

"ሻሼ፣ ሽማግሌ ሊልክብሽ ነው" አለቻት። "እርጥብ ሣር ይዘው ነው የሚመጡት።"

ሻሺቱ የምትበጥሰው ጎመን ከእጇ ወደቀ። እርጥብ ሣር ይዘው የተንበረከኩ ሽማግሌዎችን እንቢ ማለት አይቻልም። ጦር የተማዘዘ እንኳ ሣሩን ሲያይ ይቆማል። ሣሩን የረገጠ፣ ወይም በሣሩ ፊት የዋሸ፣ ጎሜው ወደ እሱ ይዞራል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ካገኟት ኤርጫፎ ነፃ ወጣ ማለት ነው። በነፃ!

አርሴማ የደወለችው በዚያው ሳምንት ነው። ስትጨቀጭቃት የኖረችበት ቪዛ ወጥቷል። "እማ፣ ሥራ ልመለስ ነው፤ ሕፃኑን ናትናኤልን አምኜ የምሰጠው ሰው የለኝም። ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?" እያለች አለቀሰች። ሻሺቱ እንደ ልማዷ ሰበብ ልትደረድር አፏን ከፈተችና ድንገት አንድ ነገር ታያት። ኤርጫፎ የሚድነው ከእሷ ጋር ከታረቀ ነው። እሷ ካናዳ ከገባችስ? በየትኛው እግሩ ይደርስባታል?

"መጣሁ ልጄ" አለች።

አርሴማ በደስታ ጮኸች። እናቷ ስለ እሷ ብላ አገሯን የተወች መሰላት። እውነቱን ለመናገር፣ ሻሺቱ የልጅ ልጇን አቅፋ መሳም ፈልጋለች፤ ለዚህ ብላ ግን የባሏን መቃብር ጥላ ቋንቋውን ወደማታውቀው አገር አትሄድም ነበር። የወሰዳት በቀሉ ነው።

ለመንደሩ ሰው "ከእሑድ በኋላ ነው የምሄደው" ብላ አስወራች። ሽማግሌዎቹም ለቅዳሜ ቀጠሩ። እሷ ሐሙስ ማሳዋን ለበለጥሽ አስረክባ፣ "ለዚያ ሰውዬ ጠብታ ውሃ እንዳትለቂለት" ብላ በባጃጅ አውሮፕላን ማረፊያው ደረሰች። በመንገድ ላይ ኤርጫፎ ዱላውን ተደግፎ ቦዩ ዳር ቆሞ አየችው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለፈችው። አውሮፕላኑ ሲነሳ ሁለቱ ሐይቆች ከሥሯ ወለል ብለው ሲታዩ አንገቷን አስግጋ ላንቴን ፈለገች፤ አላለቀሰችም ግን። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ጥቂት ቀን ሰነበተችና ዊኒፔግ ወደምትባለው የካናዳ ከተማ፣ አርሴማ ዘንድ በረረች።

ናትናኤል ጉንጩ ድብልብል ያለ ልጅ ነው። ጭኗ ላይ ሲያስቀምጡላት ነጠላዋን ጨምድዶ ያዘ። ሻሺቱ ሻይዋን ፉት እያለች፣ ልቧ ሞቅ ብሎ፣ ስትጠብቀው የከረመችውን ወሬ ለልጇ ተረከችላት። አደራውን፣ የሐኪም ቤቱን ውሸት፣ እንዴት አድርጋ እንዳመለጠች። "ቅዳሜ ሣራቸውን ይዘው ባዶ ቤት ተንበርክከዋል!" ብላ ሳቀች።

አርሴማ አልሳቀችም። "እማ... ባዶ ቤት አልተንበረከኩም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"በለጥሽ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ሽማግሌዎቹ ስልኩን በርጩማ ላይ አድርገው፣ ሣሩን ከፊቱ አስቀምጠው ተንበረከኩ። አጎቴ ያደረገውን ሁሉ ተናገረ። 'አንቺ የሀብተጊዮርጊስ ደም ነሽ፤ እናትሽም ይቅር ብላለች በይን' አሉኝ።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ብላለች አልኩ።"

ሻሺቱ ብርጭቆውን አስቀመጠች። "በእኔ አፍ ማን ተናገሪ አለሽ? አባትሽ ሲሞት የት ነበርሽና ነው ዛሬ የአባትሽን ደም የምትምሪው?"

"እዚህ ነበርኩ" አለች አርሴማ። "የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም ነበር፤ ብወጣ መመለስ አልችልም ነበር። አጎቴ በድሎታል፣ አውቃለሁ። ግን ቀብሮታል። እኔ አልቀበርኩትም።"

ይህን ስትል ስልኩ ጮኸ፤ በቪዲዮ ከላንቴ ነው። አርሴማ ፊቷ ቀልቶ ከፈተችውና ለእናቷ ዘረጋችላት። ኤርጫፎ ከስቷል። ከጎኑ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

"እትዬ ሻሺቱ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ" አለ። "አርሴማ ያለችው እውነት ነው? ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።"

ይኸው፣ በእጇ ገባላት። "አላልኩም" ብትል አለቀለት። ብትል ግን አርሴማ በሣሩ ፊት ዋሽታለች፤ ጎሜው ከኤርጫፎ ተነስቶ እዚህ ቤት ይገባል። ናትናኤል ነጠላዋን አልለቀቀም። አርሴማ ትንፋሿን ውጣ ታያታለች።

"እውነት ነው" አለች ሻሺቱ።

ሽማግሌው መረቁ። ኤርጫፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ፤ "እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለ። ሻሺቱ "አሜን" አለች፤ ማለት ነበረባት። ስልኩ ሲዘጋ አርሴማ ተንደርድራ አቀፈቻት። እሷ ግን ሕፃኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ኤርጫፎን ከመቼውም ይልቅ ጠላችው፤ ይቅር ማለቷን በአፏ አጽድቃለችና ከእንግዲህ ይህን ለማንም መናገር አትችልም።