የጋሽ ቀስ በል ቀኝ እግር

ጫማ ሰፊው የባሌን ጫማ በወሰድኩለት ቁጥር ግራውን ሳያየው ይመልስልኝ ነበር። "ይሄ ገና አዲስ ነው" ይልና ቀኙን ገልብጦ ሶሉን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል። ጣቱ በዚያኛው በኩል ብቅ ይላል።

"እህቴ፣ ባልሽ በአንድ እግሩ ነው እንዴ የሚሄደው?"

"መኪና መንዳት ያስተምራል።"

"ታዲያ ተቀምጦ አይደል የሚውለው? ተቀምጦ የሚውል ሰው ሶል የሚጨርሰው ምን ሲሠራ ነው?"

ሥቄ እሄድ ነበር።

ባሌ አንድ የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ ውስጥ የተግባር አስተማሪ ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው ጋቢና ውስጥ፣ ከተማሪ ጎን፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው። ተማሪዎቹ "ጋሽ ቀስ በል" የሚል ስም አወጡለት። ሰፈሩም ስሙን ተቀበለና እኔ የቀስ በል ሚስት ሆኜ ቀረሁ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ሲጮሁ ድምፃቸው ከሜዳው አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። እሱ ግን ግድግዳ ሊገባ የደረሰን ሰው እንኳ "ቀስ በል፣ የኔ ልጅ፣ ግድግዳው የትም አይሄድም" ነበር የሚለው።

ሰው "ሥራ እንዴት ነው?" ሲለው "ጠዋት እወጣለሁ፣ ሰው ሊገድለኝ ሲሞክር ይውላል፣ ማታ እገባለሁ" ይላል። ቤት ገብቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ እንዳለ ደግሞ ዛሬ የመጣችው ልጅ መሪውን እንደ ትኩስ ድስት በጣቷ ጫፍ እንደያዘችው ይነግረኝና ነገ ሥራውን ለቆ ሱቅ እንደሚከፍት ይምላል። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ግን "እስቲ ወጣ ብለን እግራችንን እናፍታታ" ይለኛል። በየትኛውም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው የማሰልጠኛው ሜዳ አጥር ጋ ነው። ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ የሌላ አስተማሪ ተማሪዎች ለልምምድ በተተከሉት እንጨቶች መሀል ሲሽሎከሎኩ ያያል። "መሪ መልስ። መልስ። መልስ እንጂ። አዎ፣ እንደሱ" ይላል ለራሱ። እኔ ከኋላው ቆሜ ሹራብ እሠራለሁ።

እግሩ አያርፍም ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ሲቀመጥ ሹፌሩ መንገድ በታጠፈ ቁጥር ወለሉን ይረግጣል። የእህቱ ልጅ ያገባች ዕለት ሙሽሮቹ መኪና ጋቢና ውስጥ አስቀመጡት። ግብዣው ቦታ ሲደርሱ ሹፌሩ "ጋሼ፣ ምንጣፌን በሱብኝ" ብሎ ከሰሰው። ተኝቶም ፍሬን ይይዛል። ለዚህ ቅልጥሜ ምስክር ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረ። ተማሪዎቹ ይወድቃሉ።

ከእሱ ጋር ሲለማመዱ መኪናዋን ጭረት አይነካትም። ፈታኙ ጎናቸው የተቀመጠ ዕለት ግን፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ያለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ ቁም የሚለውን ምልክት እንደ ሰላምታ አይተውት ያልፋሉ። አዋላጇ ጥሳ ሄደች። የሆቴሉ ወጥ ቤት ጥሶ ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ ጥሶ ሄዶ የቆመ ጋሪ ገጨ። ዳቦ ሻጩ ውጭ የሚያወጣው ጠረጴዛ አለው። በፈተና ቀን የማን ተማሪዎች እንደሚመጡ አስቀድሞ ይጠይቅና "የጋሽ ቀስ በል ናቸው" ሲሉት ጠረጴዛውን ከነዳቦው ወደ ውስጥ ይስባል።

ባሌ ጥፋቱን በፈታኙ ላይ ነበር የሚያሳብበው። "ፊቱን አይተሽዋል? እንኳን ሰው፣ መኪናዋም ትደነግጣለች።"

የማሰልጠኛው ባለቤት ሥራውን ከአባቷ የወረሰች ሴት ናት። እሷንም መንዳት ያስተማራት ባሌ ስለሆነ አንቱ ትለዋለች። አንድ ቀን ቢሮዋ ጠራችው። የተባባሉትን ማታ፣ እኔ የዩኒፎርም ጠርዝ ስጠልፍ፣ ቃል በቃል ነገረኝ።

"ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። የሚቀጥለው ተማሪዎ ከወደቀ የመንገድ ምልክት ክፍል ይገባሉ።"

"ከሰሌዳው ጋር?"

"ከሰሌዳው ጋር። መጠቆሚያ ዱላም ይሰጥዎታል።"

"ፈታኙ እኮ ነው ክፉ።"

"እኔም ስወድቅ ፈታኙ ክፉ ነበር። ደግሜ ስወድቅ ሌላ ፈታኝ ነበረ፤ እሱም ክፉ ነበር።"

ያን ማታ እራቱን ሳይነካው ቀረ። እኔ ደግሞ፣ ሁልጊዜ ሱቅ እከፍታለሁ ሲል ስለምሰማው፣ ሰሌዳ ጥላ ሥር ነው፣ ማንም ሊገድልህ አይሞክርም፣ ምን አስከፋህ አልኩት።

"መጀመሪያ ቀን" አለ፣ "መኪናዋ ንቅንቅ ስትል ፊታቸው ላይ የሚመጣ ነገር አለ። ሽማግሌም ይሁን፣ ሐኪምም ይሁን። እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኳት የሚል ነገር። ሰሌዳ ላይ የተሳለ መኪና ንቅንቅ አይልም።"

ሥራውን ይወድ እንደነበር ከአፉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ግን ከእሱ ጋር መማር የሚፈልግ ጠፋ። ሰዎች ሊመዘገቡ ይመጡና የሱን ስም ሲሰሙ ወዲያው የሆነ ጉዳይ ትዝ ይላቸዋል። ባሌ ይህን እየነገረኝ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንድ የቀረ ሰው አለ።"

"ማን?"

"መኪና ነድቶ የማያውቅ። እግሩ ደህና የሆነ። ቁጣዬን የሚችል።"

"አንተ ተቆጥተህ ታውቃለህ?"

"እንግዲህ ልጀምር ነዋ።"

እኔ የማውቀው መርገጫ የስፌት መኪናዬን ብቻ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ። ባሌ ግን ሰሌዳ ፊት ዱላ ይዞ ቆሞ ታየኝ፤ እሺ አልኩ።

ስለ ማሰልጠኛ መኪና አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በአስተማሪው በኩልም የፍሬን መርገጫ አለ። ሁለቱ ከሥር በብረት ስለተያያዙ አንዱ ሲወርድ ሌላውም አብሮ ይወርዳል። ማን እንደረገጠ ከላይ ሆኖ የሚለይ ሰው የለም። በእሱ በኩል ፍሪሲዮንም ነበረ፤ ባሌ ግን ነክቶት አያውቅም። "ሞተር ቢጠፋ ማንም አይሞትም" ይል ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ሄዱ። እንዲያውም እጅግ ጥሩ ስለሄዱ እኔ ራሴ ተሰጥኦ አለኝ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ስነዳ ሐሳቤ ቤት ቀረ፤ ማታ የሰፋሁት ኮት ላይ ኪሱን በግራ ፈንታ በቀኝ እንዳደረግኩት ድንገት ትዝ አለኝ። ቀና ስል እንቁላል የተሸከመች ሴት ፊታችን መንገድ ትሻገራለች። መኪናዋ ግን በጊዜ፣ በለስላሳው ቆማለች።

"ጎበዝ። በጊዜ ያዝሽ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ፍሬኑን ነዋ።"

"እኔ አልያዝኩም።"

"ይዘሻል እንጂ። ይኸው ቆመናል እኮ።"

እግሬን አየሁት። ነዳጁ ላይ ነው። የባሌን ፊት አየሁት። የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሴትየዋ እንቁላሏን ይዛ በሰላም በመሻገሯ ደስ ብሎታል። ወዲያው ጫማ ሰፊውና አውራ ጣቱ ትዝ አሉኝ።

"አንተ ነህ የያዝከው" አልኩት።

"እኔ? ይኸው እግሬ" አለና አንስቶ አሳየኝ።

"አሁንማ ቆመናል።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ያስተማርኩ ሰውዬ እግሬ የት እንዳለ ልታስተምሪኝ ነው?"

እስከ ቤት አላነጋገረኝም። መናገር ሲያስፈልገው ለመኪናዋ ይናገራል። "እንግዲህ እዚህ ጋ ፍሬቻ ይበራል" ይላል፣ ወደ መስታወቱ እያየ።

በማግስቱ ቀድሜው ወጣሁና በእሱ በኩል ያለውን የፍሬን መርገጫ በስፌት ጠመኔዬ ነጭ እስኪሆን ቀባሁት። ገበያውን ዞረን፣ ዳገቱን ወጥተን ተመለስን። በየመታጠፊያው ጎበዝ ተባልኩ። ሞተሩን እንዳጠፋሁ ቀኝ ጫማውን እንዲገለብጠው ጠየቅኩት።

ሶሉ ላይ ነጭ መስመር ነበር። በጣቱ ነካው። አሸተተው።

"ከየት መጣ?"

"ከመርገጫው።"

"ምናልባት አንዴ ሳላስበው..."

"ጎንበስ ብለህ እየው። መርገጫው ላይ የቀረ ጠመኔ የለም።"

ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ጫማውን እንደያዘ ነው።

"ታዲያ አዋላጇን ጎበዝ ያልኳት?"

"ራስህን ነው ያልከው።"

"ወጥ ቤቱንስ?"

"እሱንም ራስህን ነው።"

"የጥርስ ሐኪሙን ብቻ ስንቴ ብዬዋለሁ፤ 'እንዳንተ ያለ እግር አይቼ አላውቅም' ሁሉ ብዬዋለሁ።"

እኔ ሣቄን መያዝ አቃተኝ። እሱ ቆይቶ ነው የሣቀው፤ ሣቁ ውስጥ ግን ሐፍረት ነበረበት። "ሲደነግጡ ማየት አልወድም" አለ። "ለካ እኔ ቀድሜያቸው እየደነገጥኩ ነው።"

እግሩን ማመን አልተቻለም። ይዤዋለሁ ይላል፤ መታጠፊያ ሲደርስ ያመልጠዋል። በመጨረሻ ቀኝ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን መቀመጫው ላይ አጥፎ፣ ተቀመጠበት። እንደዚያ ሆኖ ሲታይ ትምህርት ቤት የቀጡት ልጅ ይመስል ነበር። ከመኪና ሲወርድ እግሩ ስለሚደነዝዝ እያነከሰ ነው። ጎረቤቶች ሪህ ያዘው ብለው ሊጠይቁት መጡ።

እኔ ደግሞ ያለዚያ እግር ምንም እንደማላውቅ ገባኝ። በመጀመሪያው ቀን ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ እስክንቆም ጠበቅኩ። አልቆምንም። ባሌ እግሩ ላይ እንደተቀመጠ የበሩን እጀታ ጨምድዶ ያዘ፤ "ቀስ በል" እንኳ ማለት አቃተው። ያን ጊዜ ረገጥኩ። መኪናዋ ተንገጫግጫ ስትቆም ከዳቦ ጠረጴዛው ጋር አፍ ለአፍ ገጥመናል። ዳቦ ሻጩ አንድ ዳቦ እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዟል።

ባሌ ላቡን ጠረገ። ጎበዝ አላለኝም።

"ያቺ ያንቺ ናት" አለ።

ከዚያ ወዲያ በቆምኩ ቁጥር የሚለው ይህንኑ ነበር። እየዋለ እያደረ እነዚያ የኔ የሆኑት በዙ።

የፈተናው ዕለት ፈታኙ ጎኔ ተቀመጠ። ባሌ ስለ ፊቱ ያለው እውነት ነበር። አስተማሪዎች ሜዳው ውስጥ መቆየት ነበረባቸው፤ እሱ ግን በአጥሩ ዞሮ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከዳቦ ሻጩ ጎን ቆሟል። ከሩቅ አየሁት። እግሩ ነፃ ነበር፤ የሚረግጠው ነገር ግን አልነበረውም። ሐሳቤን ሰብስቤ ምልክቱ ሥር ስደርስ ረገጥኩ። መኪናዋ ከመስመሩ በፊት ቆመች። ፈታኙ ወደ ውጭ እያየ "ቀጥዪ" አለኝ፤ ያ ማለት አልፌያለሁ ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከፈተናው በኋላ ዳቦ ሻጩን ሳገኘው እሱም ያነክሳል።

"ምን ሆንክ?" አልኩት።

"ባልሽ ነዋ። አንቺ ስትደርሺ እግሬን ረግጦ ያዘኝ። ካለፍሽ በኋላም አለቀቀኝም።"

ሰሌዳው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ባሌ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እግሩ ላይ ተቀምጦ አስተማረ። ተማሪዎቹ አሁንም አልፎ አልፎ ይወድቃሉ፤ ግን በራሳቸው እግር ነው። አዋላጇ ተመልሳ መጥታ አለፈች። የጥርስ ሐኪሙ ሳይመጣ ቀረ፤ በአውቶቡስ ነው አሉ የሚሄደው። ጫማ ሰፊው ቅር እንዳለው ነግሮኛል፤ ጫማው እኩል ማለቅ ስለጀመረ።

ጡረታ ሲወጣ የማሰልጠኛው ባለቤት ያችን አሮጌ መኪና ሰጠችው። እኔ እነዳ፣ እሱ ጎኔ ተጣጥፎ ይቀመጥ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ብቻዬን ገበያ እሄድባታለሁ። መካኒኩ "ይቺን በዚህ በኩል ያለችውን መርገጫ ላውጣት? ለማንም አትሆንም፤ ቦታ ነው የያዘችው" አለኝ። ቦታውን ለሌላ ነገር እንደማልፈልገው ነገርኩት።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ፍሬን እይዛለሁ። በዚያኛው በኩል ያለው መርገጫም አብሮ ዝቅ ይላል፤ መኪናዋ ትቆማለች። የኔ እግር እንደሆነ አውቃለሁ። ዳቦ ሻጩ ግን እስከ ዛሬ መኪናዋን ሲያይ ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ይስባል።